በበርበሬ ውስጥ የተደበቀው መርዝ እንዴት ይታወቃል?

በምዕራብ ለንደን የሚገኘው ዋይት ሲቲ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 ለተካሄደ ታላቅ ዐውደ ርእይ ከታነጹ ነጫጭ ሕንፃዎች ነው። ዛሬ በዚሁ ሰፈር የኢምፔሪያል ኮሌጅ የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች ይሠራሉ። ኬሚስቶች ሞለኪውሎችን ለይተው የሚያውቁባቸው ክሮማቶግራፊና ማስ ስፔክትሮሜትሪ የተባሉት ዘዴዎች፣ ከአገር ቤት ተቋጥሮ ለሚመጣው በርበሬ ለሚነሣ ጥያቄም መልስ ይሰጣሉ፦ አፍላቶክሲን አለበት ወይስ የለበትም?

አፍላቶክሲን በደንብ ባልደረቀ ወይም እርጥበት ባገኘው በርበሬ፣ ኦቾሎኒና በቆሎ ላይ የሚያድጉ የሻጋታ ዓይነቶች የሚያመነጩት መርዝ ነው። ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ የእርባታ ወፎች ባልታወቀ በሽታ ካለቁ በኋላ ነበር፤ ምርመራው ከብራዚል በመጣ የኦቾሎኒ መኖ ላይ አደረሰ። መርዙ በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያስከትል ተረጋግጧል። ሻጋታው ታጥቦ ወይም ተፈጭቶ ከዓይን ቢሰወርም መርዙ ይቀራል፤ የተለመደው የምግብ ማብሰያ ሙቀትም አያጠፋውም።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለበርበሬ የፈቀደው ከፍተኛ መጠን፣ ብርቱ ለሆነው ለአፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ ግራም 5 ማይክሮግራም ነው። ይህም በ2,000 ኩንታል በርበሬ ውስጥ የተበተነ 1 ግራም ማለት ነው። የኢትዮጵያ ቅመማ ቅመም በዚሁ መርዝ ምክንያት በድንበር ላይ ተጨማሪ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች መካከል ተመዝግቦ ቆይቷል።

ይህን ያህል ጥቂት ነገር ለማግኘት የተፈጨው በርበሬ በሜታኖልና በውኃ ድብልቅ ይበጠበጣል፤ መርዙም ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ፈሳሹ ከተጣራ በኋላ በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ቱቦው የተሞላበት ደቃቅ ዱቄት አንዳንዱን ሞለኪውል ይይዛል፣ ሌላውን በቶሎ ይለቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት ይወጣል። ማስ ስፔክትሮሜትሩ የወጣውን በክብደቱ ይለያል፤ የአፍላቶክሲን ቢ1 የሞለኪውል ክብደት 312 ነው። ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ነገር እንዳያሳስት፣ መሣሪያው ሞለኪውሉን ሰባብሮ ስብርባሪዎቹንም ይመዝናል። የመውጫ ሰዓቱ፣ ክብደቱና ስብርባሪዎቹ ሲስማሙ መርዙ መኖሩ ይረጋገጣል።

ይሁንና የውጤቱ እውነተኛነት የሚወሰነው መሣሪያው ከመነካቱ በፊት ነው። ሻጋታ በጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ አንድ ጥግ በመርዝ ተሞልቶ ቀሪው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ቦታ ብቻ የተጨለፈ ናሙና ወይ መርዛማውን ጭነት ያሳልፋል፣ ወይ የገበሬውን ደኅና ምርት ያስጥላል። ስለዚህ ከትልቅ ጭነት እስከ 100 ከሚደርሱ ቦታዎች ናሙና ይወሰዳል፤ በአንድነት ተፈጭቶና ተደባልቆም ይመረመራል።

ጉዳዩ የውጭ ገበያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ላይ አፍላቶክሲን ኤም1 አግኝቷል፤ በአውሮፓ ከተፈቀደው መጠን ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ። ላሟ የተበከለ መኖ ስትበላ መርዙ ተለውጦ ወደ ወተቷ ይገባል፤ ጥናቱም በተለይ የኑግ ፋጉሎን እንደ ምንጭ ጠቁሟል።

ቤተ ሙከራ መርዙን ያሳያል እንጂ አያስወግደውም። መከላከያው ምርቱን በቶሎና በሚገባ ማድረቅ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አየር በሚያገኝ ደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ፣ የሻገተውንም ለሰው ብቻ ሳይሆን ለከብትም አለመስጠት ነው።