የአይሮፕላንን አምሳያ ብረት አስመስሎ ስለ መሥራት

ትንሽ የአይሮፕላን አምሳያ በብር ቀለም ከቀቡት ብረት ይመስላል ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል፤ እኔም እንዲሁ ተሳስቼ ነበር። ባለፈው ነሐሴ ፍርድ ቤቱ ለክረምት በተዘጋ ጊዜ፥ ላሊበላ በሚገኘው ቤታችን ከ13 ዓመቱ ልጄ ጋራ ተቀምጠን የዳግላስ ዲሲ 3 አይሮፕላን አምሳያ ከፕላስቲክ ሠራን። መጠኑ ከእውነተኛው 72ኛው እጅ ነው፤ ይኸውም የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ የእኛው 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሥራው ባለቀ ጊዜ የብር ቀለም ቀባነውና እንደ ሻይ ትሪ አብረቀረቀ። ደስም አለን።

ይህን አይሮፕላን የመረጥነው ስለ አባቴ ነው። እሳቸው በጕልምስናቸው፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ 3 በሹምሸሃ የአፈር ሜዳ ላይ ያርፍ በነበረበት ዘመን፥ የእንግዶችን ዕቃ በበቅሎ እየጫኑ ወደ ከተማ ያወጡ ነበር። አሁን የግራ ዓይናቸው ጨልሟል፤ ቀኙንም ሐኪሙ ብዙ አይቈይም ብሎናል። ልጁ የቸኰለው ስለዚህ ነው።

አባቴ አምሳያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ካገላበጡት በኋላ፥ «ልጄ፥ ይኸ የብር ዕቃ ነው እንጂ አይሮፕላን አይደለም። ያ መልኩ አንድ ዓይነት አልነበረም። ከጅራቱ ላይ የሚወዛወዘው አመድማ ነበር» አሉ። ልጁ ዝም አለ። እኔም በልቤ፥ ከብዙ ዘመን በፊት ያዩት ነገር ተምታቶባቸው ይሆናል አልሁ።

ነገሩን በመረመርሁ ጊዜ ግን እውነቱ ከእሳቸው ዘንድ ተገኘ። የዲሲ 3 አካል አሉሚንዮም ነው፤ ነገር ግን በክንፉና በጅራቱ ላይ እየተንቀሳቀሱ አይሮፕላኑን የሚመሩት ክፍሎች በጨርቅ የተሸፈኑ ናቸው። ጨርቁ የአሉሚንዮም ዱቄት በገባበት ቀለም ስለሚቀባ እንደ ብረቱ አያብረቀርቅም። ብረቱም ቢሆን መልኩ ልዩ ልዩ ነው። አሉሚንዮም ብቻውን ለስላሳ ስለ ሆነ እንዲጠነክር ከመዳብ ጋራ ይቀላቀላል፤ መዳብ የገባበት ደግሞ በእርጥበት ቶሎ ስለሚበላ፥ በሁለቱም ፊት ንጹሕ አሉሚንዮም በስሱ ይለበጥበታል። ዓይን የሚያየው ይህን ልባጭ ነው። ልባጩ በዝናብና በአቧራ በሁሉ ስፍራ እኩል አይደበዝዝም፤ በጥገና የተለወጠ ላሜራ በአሮጌዎቹ መካከል ጐልቶ ይታያል፤ ከሁለቱ ሞተሮች በስተኋላም ጥላሸት በክንፉ ላይ ይዘረጋል።

አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረገው በዚሁ ዘር አይሮፕላን ነበር፤ ለጦር ሠራዊት የተሠራው ሲ 47 ይባላል። በ2004 ዓ.ም. የመጣው ድሪምላይነር ግን አብዛኛው አካሉ ከካርቦን ጭረት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ቀለሙ ቢፋቅ እንኳ የሚያበራ ብረት አይገኝበትም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንመለስ። የቀባነውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን አነሣን፤ ከዚያም በላመ ወረቀት፥ በመጨረሻም ውሃ እየነከርን እጅግ በላመው አለሰለስነው። ይህ ከሁሉ የሚያሰለች ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው። ሌላው ቀለም ጭረትን ይሸፍናል፤ የብረት መልክ ግን ጭረቱን ያጐላዋል። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ብራና ሲፋቅ አይቻለሁ፤ ጕድፍ የቀረበት ብራና ቀለሙ ሲያርፍበት ያን ጊዜ ነውሩ ይገለጣል። ልጄ ይህን ብነግረው አልሰማኝም፤ በእጁ ሲያየው ግን ሁለት ቀን ሙሉ ፈተገ።

በቀለም የሚሠሩ ሰዎች አስቀድመው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀብተው ሲደርቅ፥ በላዩ የአሉሚንዮሙን ቀለም በመርጫ ደጋግመው በስሱ ይነፉበታል። ጥቁሩ ከሥር ሆኖ ጥልቀት ይሰጠዋል። እኛ መርጫ ስለሌለን ወጥ ቤት ምግብ የሚጠቀለልበትን የአሉሚንዮም ወረቀት ወሰድን። በጀርባው ስስ ሙጫ ቀብተን ጥቂት እስኪያዝ ቈየንና፥ የላሜራውን መጋጠሚያ ተከትለን በአዲስ ምላጭ እየቈረጥን ለጠፍነው፤ በጥጥም ከመካከል ወደ ዳር አሸነው። ወረቀቱ አንዱ ፊቱ ብሩህ፥ ሁለተኛው ፈዛዛ ስለ ሆነ፥ እያፈራረቅን ብንለጥፈው ላሜራዎቹ ተለያዩ። አንዳንዱንም በላመ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ዳሰስነው፤ ብርሃኑ በዚያ ላይ ሌላ ሆነ።

አፍንጫው ግን አስቸገረን። ክብ ስለ ሆነ ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ተጨማደደ፥ ሦስት ጊዜም ላጥነው። ባለቤቴ አይታ፥ «ለጠባብ ቦታ ጠባብ ጨርቅ ነው የሚቈረጠው» አለችን፤ ልብስ ሰፊ ናትና። እንዳለችውም ወረቀቱን በቀጫጭኑ ሰንጥቀን ጐን ለጐን ስናስተኛው ገባልን። በጨርቅ የሚሸፈኑትን ክፍሎች ግን ወረቀት አላለበስናቸውም፤ ግራጫ የበዛበት የብር ቀለም ቀባናቸው። ለጥላሸቱ የእርሳስ ዱቄት በጣታችን አሸን፥ ከሞተሮቹ ወደ ኋላ እያሳሳን ሄድን። በላዩ ቫርኒሽ አልቀባንበትም፤ ብርሃኑን ያደበዝዘዋልና።

በጳጕሜን 2ኛው ቀን ጧት ለአባቴ ሰጠናቸው። ወደ ቀኝ ዓይናቸው እጅግ አስጠግተው ያዙት፤ ጅራቱን ፈለጉ፥ በአመድማው ላይም ጣታቸውን አኖሩ። ብዙ ጊዜ አልተናገሩም። ቀጥለው በግራ በኩል ከክንፉ በስተኋላ ያለውን በር በጥፍራቸው ዳሰሱና፥ «ዕቃውን የምንቀበለው በዚህ ነበር» አሉ። ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ።

ከዚያም ጎማዎቹን ነክተው፥ «አቧራው የታለ? ሹምሸሃ ያረፈ ጎማ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም» አሉ። ልጁም አፈር ሊያመጣ ወደ ውጭ ሮጠ።