ስለ ሲን ኩኪ፤ ደጅን የሚጠብቅ ዘዴና ዋጋው



አንድ መዝገብ ቤት አስቡ። ጸሐፊው ጉዳይ አለኝ ብሎ ለጻፈለት ሁሉ «ና» ብሎ ይመልሳል፤ ባለ ጉዳዩ እስኪመጣም ስሙን በመዝገብ ይይዝለታል። ነገር ግን የመዝገቡ መስመር የተወሰነ ነው። አንድ ተንኮለኛ በሐሰት ስም ብዙ ደብዳቤ ቢልክ መዝገቡ ይሞላል፤ እውነተኛው ባለ ጉዳይም ቦታ አጥቶ ይመለሳል።

በኢንተርኔት የሚሆነውም ይህንኑ ይመስላል። ቲ.ሲ.ፒ. በተባለው ደንብ ሁለት ኮምፒዩተሮች የሚገናኙት በሦስት መልእክት ነው። እንግዳው «ሲን» ብሎ ይጠይቃል፤ ተቀባዩ ሰርቨር «ሲን-አክ» ብሎ ይመልሳል፤ እንግዳውም «አክ» ብሎ ያጸናል። ሰርቨሩ ሦስተኛው መልእክት እስኪደርሰው ድረስ የእንግዳውን ነገር መዝግቦ ይጠብቃል።

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደ ተባለው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር በኒው ዮርክ የሚገኘው ፓኒክስ የተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት በሐሰተኛ አድራሻ በተላኩ የሲን መልእክቶች ተጥለቀለቀ። በዚያው ወር ዳንኤል በርንስታይን አንድ መፍትሔ አሰበ፤ ከኤሪክ ሼንክም ጋር ሆኖ ዝርዝሩን አወጣ። ዘዴው ሲን ኩኪ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ምንም አይመዘግብም። በመዝገብ ፈንታ በመልሱ ላይ ባለው 32 ቢት ቁጥር ውስጥ ምስጢራዊ ማኅተም ያትማል። በበርንስታይን አሠራር 5 ቢት ለጊዜው፣ 3 ቢት ለመልእክቱ ጥቅል ትልቁ መጠን፣ 24 ቢት ደግሞ ከሁለቱ ወገን አድራሻና ከምስጢሩ ለተቀመረው ቁጥር ነው። እውነተኛ እንግዳ ቁጥሩን በአንድ ጨምሮ ይመልሳል፤ ሰርቨሩም ማኅተሙን መርምሮ ያስገባዋል። በሐሰት አድራሻ የላከው ግን መልሱ ስለማይደርሰው ማኅተሙን ሊያሳይ አይችልም።

ይሁን እንጂ ያልጻፉትን ማስታወስ አይቻልም።

አንደኛ፤ በ3 ቢት የሚጻፈው 8 ዓይነት መጠን ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰርቨሩ እንግዳው ከጠየቀው የማይበልጠውን ቅርብ መጠን ይመርጣል።

ሁለተኛ፤ እንግዳው በመጀመሪያው ሰላምታ የሚያቀርባቸው ሌሎች ስምምነቶች ይረሳሉ። ለምሳሌ ከ65,535 ባይት የሚበልጥ መቀበያ መክፈትና የጠፋውን ጥቅል ብቻ ለይቶ ማስላክ ይቀራል፤ በሩቅ አገር መካከልም ግንኙነቱ ይዘገያል። በኋላ በሊኑክስ እነዚህን በጊዜ ምልክት ውስጥ ማኖር ተችሏል፤ ይህ ግን ሁለቱም ወገን ምልክቱን ሲጠቀሙ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና የሚያሳስበው ይህ ነው። የእንግዳው «አክ» በመንገድ ቢጠፋ፣ ሰርቨሩ ምንም ስላልመዘገበ «ሲን-አክ»ን ደግሞ አይልክም። እንግዳው ቀድሞ የሚናገር ከሆነ ማኅተሙ ከንግግሩ ጋር ስለሚደርስ ነገሩ ይቃናል። እንደ ኢሜይል ማስተላለፊያ ሰርቨሩ ቀድሞ በሚናገርበት ሥራ ግን እንግዳው ገባሁ ብሎ ቃል ይጠብቃል፤ ሰርቨሩም እንግዳ መኖሩን አያውቅም። ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ደግሞም የመልእክቱ ብዛት መስመሩን ራሱን ከሞላው፣ ሲን ኩኪ መንገዱን አያሰፋም።

ስለዚህ ሊኑክስ እንደ ተለመደው አሠራሩ በደኅና ቀን መዝገቡን ይጽፋል፤ ሲን ኩኪን የሚያወጣው መዝገቡ ሲሞላ ብቻ ነው። ጉድለት ያለበት አገልግሎት ከተዘጋ ደጅ ይሻላልና። እኛም አንድ መድኃኒት ሲቀርብልን ምን ያድናል ብቻ ሳይሆን፣ ምን ያስከፍላል ብለን መጠየቅን እንልመድ።