ከእሳት የወጣው ፒዛ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቤተ ሰባችንን ይዘን በአዲስ አበባ ከሰፈራችን ፒዛ ቤት ገብተን ነበር። ሊጡ ተዳምጦ፣ የቲማቲም ድልህና ፎርማጆ ተጨምሮበት ወደ ፉርኖው ሲገባ ከተቀመጥንበት ይታያል። የምግብ ውስጡ 70 ዲግሪ ሲደርስ በሽታ አምጪ ተሐዋስያን አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የፒዛ ምድጃ ከዚህ እጅግ አብልጦ የጋለ ነውና ስለ እሳቱ ሥጋት አልነበረንም። ሥጋታችን የጀመረው ፒዛው ከወጣ በኋላ ነው። ቈራጩ ከአንድ ደንበኛ ገንዘብ ተቀብሎ መልስ ሰጠ፤ በዚያው እጁም ቍራሾቹን እያነሣ በሳሕናችን ላይ ደረደራቸው። ትንሿ ልጃችን ልትጐርስ ስትል እጅዋን ያዝን።

ባለቤቱን ጠርተን ቀስ ብለን ብናስረዳው፣ ሳይቈጣ ሌላ አስጋገረልን፤ ቈራጩም በሳሙና ታጥቦ መጣ። እሳት ያነጻውን ምግብ እጅ መልሶ ያሳድፈዋል።

መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ሆይ፤ ለተማሪዎቻችሁና ለልጆቻችሁ ይህን አስረዱ። የተረፈው ፒዛ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ የቈየ እንደ ሆነ አይበላ፤ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ተሐዋሲ የሚተወው መርዝ እንደ ገና ቢሞቅም አይጠፋምና። ገንዘብ የሚቀበል እጅ ሌላ፣ ምግብ የሚያነሣ እጅ ሌላ ይሁን። ይህንንም በትሕትና መጠየቅ ነውር አይደለም።