ሕፃናትን ፀሐይ ማሞቅ የሚገባ ስለ መሆኑ

ለሰው ልጅ ሕይወት አጥብቆ የሚያስፈልገውን ነገር ብንመረምር፥ አብዛኛው ያለ ዋጋ የተሰጠ ሆኖ እናገኘዋለን። አየር አይሸመትም፤ የእናት ጡት አይመዘንም፤ የፀሐይም ብርሃን ለባለጸጋውና ለድኻው አንድ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ሰው ያለ ዋጋ ያገኘውን መናቅ፥ በገንዘብ የገዛውን ማክበር ልማዱ ስለ ሆነ፥ በደጁ የቆመውን ትቶ በጠርሙስ የታሸገውን ሲፈልግ ይኖራል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ዓምዳችን ልንናገር ያሰብነው ከነዚህ ስለ አንዱ፥ ይኸውም የጧት ፀሐይ ለሕፃናት አጥንት ስለሚሰጠው ጥቅም ነው።

በከተማ በሚኖሩት ቤተ ሰቦች ዘንድ ልጅ በተወለደ ጊዜ የሚደረገውን ጥንቃቄ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ሕፃኑ በወፍራም ልብስ ይጠቀለላል፤ መስኮቱ ይዘጋል፤ መጋረጃው ይጋረዳል፤ ፊቱም በነጠላ ይሸፈናል። የቀድሞው ሰው ይህን የሚያደርገው ብርድንና የሰው ዓይንን በመፍራት ነበር። በዘመናችን ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ተጨመረ፤ መኖሪያው ከምድር ርቆ በፎቅ ላይ ሆነ፤ ግቢ ቀረ፤ ሕፃኑ ከክፍል ወደ መኪና፥ ከመኪናም ወደ ሌላ ክፍል ይተላለፋል፤ ትንሽ ከፍ ሲልም ዝም እንዲል በቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። እናትና አባቱም ልጃችንን ብርድ አላገኘውም፥ አቧራ አልነካውም ብለው ደስ ይላቸዋል። ዓመት ተኩል ሞልቶት በእግሩ ሳይቆም ሲቀር ግን፥ «ወፍሮ ነው፤ ደግሞም ሰነፍ ነው» እየተባለ ጊዜው ያልፋል።

ይህ ግን ስንፍና ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች ሪኬትስ ብለው የሚጠሩት የአጥንት መለስለስ ደዌ አለ። አጥንት የሚጠነክረው ከምግብ በሚገኙት ካልስየምና ፎስፎረስ በሚባሉት ማዕድኖች ነው፤ ሰውነት ግን እነዚህን ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ ለማስገባት ቪታሚን ዲ የተባለው ነገር ያስፈልገዋል። ይህ ባነሰ ጊዜ የሕፃኑ አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ይለመጣል። ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፤ እርግብግቢቱ በጊዜው አይገጥምም፤ ጥርሱ ይዘገያል፤ የእጁ አንጓ ይወፍራል፤ በጐኑ አጥንቶች ጫፍ ላይ እንደ መቍጠሪያ ዶቃ ያለ እብጠት ይታያል፤ መቆም በጀመረም ጊዜ እግሩ ይጐብጣል። ሴት ልጅ እንደ ሆነች ደግሞ የዳሌዋ አጥንት ተጣሞ፥ አድጋ በምትወልድበት ጊዜ በምጥ ላይ አደጋ ሊያመጣባት ይችላል።

የዚህ ደዌ ምክንያት ብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖሯል። በአውሮፓ ፋብሪካዎች በበዙ ጊዜ፥ ጭስ ሰማዩን በሸፈነባቸውና ቤት ከቤት በተጣበቀባቸው ከተሞች እግራቸው የጐበጠ ልጆች በዙ። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ቴዎባልድ ፓልም የተባለ ሐኪም በጃፓን አገር ሚሲዮናዊ ሆኖ ከቈየ በኋላ ወደ ብሪታንያ በተመለሰ ጊዜ፥ በጃፓን ያላየውን ይህን ደዌ በብዛት ተመለከተ። በልዩ ልዩ አገር ካሉ ሐኪሞች ጋር ተጻጽፎ በ1890 ዓ.ም. የጐደለው ነገር ፀሐይ ነው ብሎ ጻፈ፤ የሰማው ግን ጥቂት ነበር። በ1919 ዓ.ም. ኩርት ሁልድሺንስኪ የሚባል ሐኪም በበርሊን የታመሙትን ሕፃናት እንደ ፀሐይ ያለ ጨረር በሚሰጥ መብራት አዳናቸው። የአንዱን ክንድ ብቻ ለመብራቱ ቢያሳይ የሁለቱም ክንድ አጥንት አብሮ ተጠገነ፤ በዚህም ብርሃኑ በቆዳ ላይ የሚፈጥረው ነገር በደም አማካይነት ወደ መላው ሰውነት እንደሚደርስ ታወቀ። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ አልፍሬድ ሄስና ሌስተር ኡንገር በኒውዮርክ የታመሙ ሕፃናትን በሐኪም ቤት ጣራ ላይ ፀሐይ ቢያሞቋቸው፥ ያለ መብራትና ያለ ሌላ መድኃኒት አጥንታቸው መጠገኑ በራጅ ታየ።

ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ዓይን የማያየው፥ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር ነው። ጨረሩ ባዶ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ራሱ ቪታሚን ዲን ያዘጋጃል። ነገር ግን ልብስ ያግደዋል፤ የመስኮት መስታወትም ያግደዋል። ስለዚህ ሕፃኑን በተዘጋ መስኮት አጠገብ አስተኝቶ ፀሐይ ሞቀ ማለት ራስን ማታለል ነው። ሙቀቱ ወደ ቤት ይገባል፤ መድኃኒቱ ግን በውጭ ይቀራል።

ምናልባት አንባቢያችን፥ «ይህ ሰማዩ ለጨለመበት አገር የተነገረ ነው፤ ዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ላለን ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። ለዚህ የሚሆነው መልስ ከሩቅ አገር አይመጣም። በ1997 ዓ.ም. ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ምርመራ የተደረገው በአዲስ አበባ ነው። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ፥ በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትና ይህ ሕመም የሌለባቸው 500 ሕፃናት ተመረመሩ። ከታመሙት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ሲገኝባቸው፥ ካልታመሙት ግን የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ። የደረቱ አጥንት የለሰለሰ ሕፃን አጥብቆ መተንፈስና አክታውን ማስወጣት ይቸግረዋልና። እንግዲህ ነገሩ የእግር መጕበጥ ብቻ ሳይሆን የሞትና የሕይወት ነገር መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ፀሐይ በአገራችን ሰማይ ላይ መኖርዋ ብቻ አይበቃም፤ በልጁ ገላ ላይ ልታርፍ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጥ ምግብ የሆነው የእናት ጡት እንኳ ከዚህ ቪታሚን ያለው ጥቂት ነው። ይህን ሰምታ ጡት የምታስጥል እናት ግን እጅግ ትሳሳታለች፤ የጐደለው ከጡት ውጭ በፀሐይ ዘንድ ተዘጋጅቷልና፥ ሕፃኑ ሁለቱንም ሊያገኝ ይገባዋል።

አሁን አደራረጉን እንናገር። በአገራችን የጤና ባለሙያዎች ለእናቶች የሚመክሩት የጧቱን ፀሐይ ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነፋስ የማይገባበትን ስፍራ መርጦ፥ የሕፃኑን ልብስ አውልቆ፥ ዓይኑን ከጨረር ጠብቆ፥ በመጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ፥ ከዚያም ቀን በቀን እየጨመሩ እስከ 20 ወይም 30 ደቂቃ ድረስ ጀርባውንና ደረቱን እያገላበጡ ማሞቅ ነው። የቀትር ፀሐይ የሕፃን ገላ ያቃጥላልና ከእርሱ መጠንቀቅ ይገባል። ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አይወጣም የሚሉም ቢሆኑ በግቢያቸው ወይም በበረንዳቸው ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ። የሰው ዓይን የምትፈራ አያት በቤት ብትኖር፥ ከእርስዋ ጋር መከራከር አያስፈልግም፤ ሕፃኑን ራስዋ ታቅፈው፥ ከአጥር ውስጥም ሆና ታሙቀው።

ይህን ስንል የሐኪምን ሥራ መንቀፋችን አይደለም። ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ለታመመ ሕፃን ሐኪም የሚያዝዘው የቪታሚን ጠብታ ተገቢ መድኃኒት ነው፤ ከዚህ በላይ የጻፍናቸው ምልክቶች የታዩበትም ልጅ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። የምንነቅፈው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሱቅ ገዝቶ፥ ሲበዛ ይበልጥ ይጠቅማል ብሎ ማጠጣትን ነው። በብሪታንያ በ1950ዎቹ ዓመታት በሕፃናት ወተትና ምግብ ላይ ቪታሚን ዲ ከመጠን በላይ ይጨመር ስለ ነበር፥ በደማቸው ካልስየም በዝቶ የታመሙ ሕፃናት ታይተው፥ መጠኑ እንዲቀነስ ሆኗል። ሰውነት ከፀሐይ ሲያዘጋጀው ግን በልኩ ሲደርስ ራሱ ይከለክላል።

ስለዚህ የቤት አባወራዎች ሆይ፥ ለልጃችሁ ያማረ አልጋና የተመረጠ ልብስ ስትገዙ፥ ሞግዚቲቱን ደግሞ፥ «ዛሬ ልጁ ፀሐይ ሞቋል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅን አትርሱ። ወደ ሥራችሁ ከመሄዳችሁ በፊትም ያንን ግማሽ ሰዓት እናንተው ልጃችሁን ታቅፋችሁ ብታሳልፉት፥ ከክብራችሁ የሚቀንስ ነገር የለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ የተጣመመ አጥንት ለማቅናት ዓመታት ከመድከም፥ መጋረጃውን ገልጦ በሩን መክፈት ይቀላል።