የራሳችን ንብ ምን አጠፋች?

የንብ ነገር ሲነሣ ናይሮቢም አዲስ አበባም የሚወራው ይመሳሰላል፤ «የእኛ ንብ ክፉ ናት፣ ማሯም ጥቂት ነው፣ የፈረንጅ ብናመጣ ይሻለናል» ይባላል። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970 በኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ የተመሠረተ ኢሲፔ የሚባል የነፍሳት ምርምር ማዕከል አለ። ከ2013 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የመሩት የፍኖተ ሰላም ተወላጇ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ነበሩ። የተመራማሪው ጥናትና የአናቢው ልምድ ሲደመር ከሚወራው ብዙው ውድቅ ይሆናል።

ተረት፦ «የአፍሪካ ንብ ሁሉ ተናዳፊ ናት፤ በአውሮፓ ንብ ትተካ።»

እውነታ፦ ኬንያ ውስጥ የሜዳዋ፣ የተራራዋና የባሕር ዳርቻዋ ንብ ይለያያሉ። የሜዳዋ ቶሎ የምትቆጣው እሳት፣ አውሬና ሰው ለዘመናት ቤቷን ሲያፈርሱባት ስለኖሩ ነው። በኬንያ ተራራና በኤልጎን ከፍታ የምትኖረው ጠቆር ያለችው ግን ረጋ ያለች ናት። ደግሞስ የአውሮፓ ንብ ለሐሩር አገር መቼ ተመቸች? ብራዚላዊው ተመራማሪ ዋርዊክ ኬር በ1956 ከአፍሪካ ንግሥቶችን የወሰደው ከአውሮፓ የመጣችው ንብ የአገሩን አየር ስላልለመደችው ነበር። በማግሥቱ ዓመት 26 መንጋ አምልጦ ተዛመተ። ሰሜን አሜሪካውያን «ገዳይ ንብ» አሏት፤ ብራዚላውያን ግን አያያዟን ተምረው ዛሬ ማር ለውጭ ገበያ ያቀርባሉ።

ተረት፦ «ቫሮዋ የገባበት ቀፎ መድኃኒት ካልተረጨበት ያልቃል።»

እውነታ፦ ቫሮዋ ንብ ላይና እጭ ላይ ተጣብቃ የምትመጥ ጥገኛ ተባይ ናት። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቀፎ ባዶ አስቀርታለች። ኬንያ ውስጥ መኖሯ የታወቀው በ2009 ነው። በቀጣዩ ዓመት 24 ቦታዎች ሲፈተሹ ከሩቁ ሰሜን በስተቀር በየቦታው ተገኘች፤ ሆኖም ተባይዋ የበዛበት መንጋ ከሌላው ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። በ2014 የወጣው ይህ ጥናት የአገሬው ንብ ያለ ኬሚካል መቋቋም እንደቻለች ያሳያል። በዚያው ዓመት የንብ ጤናን የሚከታተል ላቦራቶሪ ኢሲፔ ግቢ ውስጥ ተከፈተ። ይህን ጥንካሬ ይዞ ንግሥት ከውጭ ማስመጣት አዲስ በሽታ በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ተረት፦ «ዋናው ዘመናዊ ቀፎ መግዛት ነው፤ ማሩ ራሱ ይመጣል።»

እውነታ፦ እኛ «የሽግግር ቀፎ» የምንለው በ1970ዎቹ ኬንያ ውስጥ ለአፍሪካ ንብ ተብሎ የተሠራ ነው። ጎኑ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ረጅም ሣጥን ሲሆን ከላዩ አግዳሚ እንጨቶች ይደረደሩበታል። የእያንዳንዱ አግዳሚ ስፋት 32 ሚሊሜትር ነው፤ ልኩን የወሰነችው ንቧ ራሷ ናት፣ ከአንዱ የማር እንጀራ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል የምትጠብቀው ርቀት ያ ነውና። አናጢው በአውሮፓ ንብ ልክ 35 አድርጎ ከቆረጠው እንጀራው ቀስ በቀስ ከአግዳሚው እየሸሸ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ያን ጊዜ አንዱን ሲያነሡ ሁለቱ ይቀደዳል፤ ማሩ ይፈሳል፣ እጩ ይሞታል፣ ንቧም ትቆጣለች። የኪቱይ ሰዎች ከግንድ ቦርቡረው ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት ቀፎም ቢሆን አይናቅም። የትኛው ግራር መቼ እንደሚያብብና መንጋ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ያለዚህ እውቀት በውድ የተገዛው ሣጥን ባዶውን ይከርማል።

ተረት፦ «ንብ ጥላ የሄደች እንደሆነ ዓይን በልቷታል።»

እውነታ፦ የሐሩር ንብ ቀሰምና ውኃ ሲጎድልባት፣ ጉንዳን ሲገባባት ወይም ቀፎዋ በየጊዜው ሲነካካ ትሰደዳለች። ስለዚህ ማር ሲቆረጥ ስንቅ ይተውላት፤ የቀፎው መቆሚያ እግር ጉንዳን እንዳይወጣ ቅባት ይቀባ፤ በድርቅ ወራት ውኃ በአቅራቢያዋ ይቀመጥ።

ተረት፦ «የማትነድፈዋ ንብ ማር የሚገኘው ጎጆዋን በማፍረስ ብቻ ነው።»

እውነታ፦ እኛ አገር ጣዝማ ከመሬት ተቆፍሮ ሲወጣ መኖሪያዋ ያከትማል። በምዕራብ ኬንያ ካካሜጋ ጫካ ዙሪያ ግን ገበሬዎች ከኢሲፔ ጋር ሆነው የጣዝማን ዘመዶች በትንንሽ የእንጨት ሣጥን ያረባሉ። እነዚህ ንቦች ማራቸውን ከእጩ ለይተው፣ ከሰምና ከዛፍ ሙጫ በሠሯቸው ትንንሽ ማሰሮዎች ያኖራሉ፤ ስለዚህ እጩ ሳይነካ ማሩ ይወሰዳል። ለማሩ ሲባል ጎጆዋ ያለበትን ዛፍ መቁረጥም አያስፈልግም።

ንብን መልሶ ማብዛት ከውጭ ንግሥት በማስገባት አይጀመርም። አበባው ሳይመነጠር፣ የአካባቢው መንጋ በሚወጣበት ወቅት ሰም የተቀባ ባዶ ቀፎ ዛፍ ላይ ሰቅሎ መጠበቅ ይቀድማል። ወቅቱ መቼ እንደሆነ ያላወቀ የጎረቤቱን አናቢ ይጠይቅ።