«ውርስ»፣ «ተወራሽነት» እና የደም አርጊ ፕሮቲኖች መጠን

ደም ሲረጋ ወተት ረግቶ እርጎ እንደሚሆን ነውና፣ የሕክምና ጽሑፍ ተርጓሚ «መርጋት» በሚለው ቃል አይቸገርም። «ደም አርጊ ሕዋስ» የሚለውም ስለ ተለመደ፣ በደም ፈሳሽ ውስጥ ለሚገኙት ፕሮቲኖች «ደም አርጊ ፕሮቲን» ማለቱ ይበቃል። ችግሩ የሚጀምረው የእነዚህ ፕሮቲኖች መጠን በቤተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ ሲነገር ነው።

ለምሳሌ የፎን ቪሌብራንድን ፕሮቲን እንውሰድ። ስያሜው የፊንላንዳዊው ሐኪም የኤሪክ ፎን ቪሌብራንድ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1926 በኦላንድ ደሴቶች ስለሚኖር፣ ደም መፍሰስ ስለሚያጠቃው ቤተሰብ ጽፎ ነበር። የፕሮቲኑ ዘረመል በ12ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። መጠኑን የሚወስነው ግን እርሱ ብቻ አይደለም፤ በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው የደም ዓይነት ዘረመልም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ 1117 ደም ለጋሾች ተመርምረው፣ የ«ኦ» ደም ያላቸው ሰዎች አማካይ መጠን በደሲሊትር ወደ 75 ዩኒት፣ የ«ኤቢ» ግን ወደ 123 ሆኖ ተገኝቷል። የ«ኦ» ሰዎች ፕሮቲን ከደም ቶሎ ይወገዳልና። ዕድሜና እርግዝናም መጠኑን ከፍ ያደርጉታል።

እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የኖርዌይ መንትዮች ጥናት ለዚህ ፕሮቲን 66 በመቶ ተወራሽነት አስልቷል። ይህን «ከፕሮቲኑ 66 በመቶው ከወላጅ የተወረሰ ነው» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ይስታል። «ወረሰ» የርስት ቃል ነው፤ ወራሹ ድርሻውን ቆርሶ ይወስዳል። ቍጥሩ የሚናገረው ግን ስለ አንድ ሰው ደም ሳይሆን በሰዎች መካከል ስለሚታየው ልዩነት ነው፤ ይኸውም ከልዩነቱ ውስጥ ምን ያህሉ ከዘረመል ልዩነት እንደ መጣ ነው። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ዘረመል ቢኖረው ቍጥሩ ዜሮ በሆነ ነበር፤ ፕሮቲኑን የሚያሠራው ግን ያው ዘረመል ነው። ስለዚህ «የልዩነት ተወራሽነት» የሚለውን እናቀርባለን። ረዝሟል የሚል ቢኖር፣ አጥሮ ከሚያሳስት ረዝሞ የሚያስረዳውን እንመርጣለን።

«ደረጃ» ማዕረግ ያስመስላልና «መጠን» ይሻላል። ከዚህ የከፋው «የዘር በሽታ» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ መጠኑ ከ30 እስከ 50 የሆነና ያልተለመደ መድማት የሌለበትን ሰው በሽተኛ አይለውም። «ዘር ከልጓም ይስባል» በሚባልበት፣ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት በሚቈጠርበት አገር ግን፣ ይህ ስያሜ የ«ኦ» ደም ባላት አንዲት ልጅ የምርመራ ወረቀት ላይ ቢሰፍር እኅቶቿንም ይከተላቸዋል። ለእንዲህ ያለችው «ዝቅተኛ መጠን» ይጻፍላት፤ በሽታው በእርግጥ ሲኖርም «በዘረመል የሚተላለፍ የመድማት ሕመም» ይባል።