በነሐሴ የተወሰደ ናሙና ስለ ወንዙ አይመሰክርም

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ።

ዛሬ እንድገመግም የተሰጠኝ ሪፖርት በአዲስ አበባ መሃል ስለሚያልፍ አንድ ወንዝ ነው። የዳያተም (የሲሊካ ቅርፊት ያላቸው ጥቃቅን አልጌዎች) ብዝኃነቱ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ወንዙ አገግሟል ብሎ ይደመድማል። ማታ ቴሌግራም ስከፍት ደግሞ ሌላው ወገን የአንድ ጠማማ ዳያተም ፎቶ ለጥፎ ወንዙ ጭራቅ እየፈለፈለ ነው ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በተራ በተራ፦

1. ብዝኃነት ንጽሕና ማለት አይደለም። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እምብዛም የሌለበት የተራራ ምንጭ ጥቂት ዝርያ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ትንሽ ፍሳሽ ሲቀላቀልበት የዝርያው ቁጥር ሊጨምር ይችላል፤ ፍሳሹ ሲበረታ ነው የሚያሽቆለቁለው። ስለዚህ «ስንት ናቸው?» ሳይሆን «እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ኒትዝሺያ ፓሌያና ጎምፎኔማ ፓርቩለም ድንጋዩን ከወረሱት የሽንት ቤት ፍሳሽ የት እንደተለቀቀ ፈልጉ።

2. ወቅቱ። ናሙናው የተወሰደው በነሐሴ ነው። በነሐሴ! የክረምት ጎርፍ ጠጠሩን እያንከባለለ ድንጋዩን ልሙጥ አድርጎ ይፍቀዋል። በተፋቀው ድንጋይ ላይ ቀድመው ከሚሰፍሩት አንዱ አክናንቲዲየም ሚኑቲሲመም ነው፤ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ባዶ ቦታ የማያስተርፍ። ብዙዎቹ የውኃ ጥራት ኢንዴክሶች ደግሞ ለእሱ ጥሩ ነጥብ ይሰጡታል። የሪፖርቱን ሠንጠረዥ ስከፍት አንደኛ ሆኖ ተቀምጧል። ይህ ዝርያ ከባድ ብረት በበዛበት ውኃም በርትቶ እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው «አገግሟል» ከማለቱ በፊት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያ ላይ ጎርፉ ከእንጦጦ ጀምሮ ያገኘውን የዳያተም ቅርፊት ሁሉ ጠራርጎ ያወርዳል። እኛ ናሙናውን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስናፈላው ሥጋው ይቃጠልና ሲሊካው ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሞተውንና በሕይወት የነበረውን የሚለየው የለም። ብዝኃነቱ ከፍ ያለው ለዚህም ሊሆን ይችላል፦ እዚያ የኖሩትን ከመንገደኞቹ ጋር ቆጥረዋል። ሳይፈላ በፊት አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጦ አረንጓዴ ቡናማ ሆዳቸው ሙሉ መሆኑን ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ለምን በነሐሴ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ ሐምሌ ላይ ይለቀቃል፤ መስከረም ሲያልቅ የሩብ ዓመት አፈጻጸም ይጠየቃል። ስለዚህ ወንዙ ሲሞላ እንወርዳለን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ውኃው ረግቶ ድንጋዩ ሳምንታት የቆየ ሽፋን ሲይዝ፣ መኪናው ለስብሰባ ወጥቷል ወይም ነዳጅ የለም። ይህን በደብዳቤ ጽፌያለሁ። የተመለሰልኝ ደብዳቤ የናሙና ቁጥር እንድጨምር ይጠይቃል። ስለ ወር አንድም ቃል የለውም።

3. ጠማሞቹ። አዎ፣ ካድሚየም፣ መዳብና ዚንክ ቅርፊት ያጣምማሉ፤ ጠርዙ ይጎብጣል፣ መስመሮቹ ይዘበራረቃሉ። ግን ንጹሕ ውኃ ውስጥም ጥቂት አይጠፋም፤ የሲሊካ እጥረትም ፀረ አረምም ያጣምማል። ደግሞ ሴሉ ሲከፈል አዲሱ ክዳን (የቅርፊቱ ግማሽ) የሚሠራው በአሮጌው ልክ ነው፤ እናትየው ከጎበጠች ልጅም ትጎብጣለች። ዛሬ የሚታየው ጉብጠት የትናንት መርዝ ውርስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። ቢያንስ 400 ክዳን ይቆጠር፣ ከላይኛው ተፋሰስ ጋር ይነጻጸር፣ ከጎኑ ከባድ ብረቱ ራሱ ይለካ። ያ የተለጠፈው ፎቶ ደግሞ ለእኔ የተሰበረ ቅርፊት ነው የሚመስለው።

«ታዲያ ጎመኑን እንብላው ወይ?» ለምትሉኝ፦ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማው አትክልት ጉዳይ አሳሳቢ ነው፤ በትንሹ አቃቂ ዳር የሚገኙ የቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮሚየምም የታወቀ ነው። ግን እሱ ቅጠሉንና አፈሩን በመመርመር የሚመለስ ጥያቄ ነው። ዳያተም ስለ ሰው ኩላሊት አይናገርም።

ሌላው (ቁጥሩን ትቼዋለሁ) የማይክሮስኮፕ ስላይዶቹ ናቸው። ሪፖርቱ የዝርያ ስም ደርድሯል፤ ፎቶ የለውም፤ ስላይዶቹ የት እንዳሉ ስጠይቅ አማካሪው «ፕሮጀክቱ ተዘግቷል» አለኝ። ፐርኦክሳይዱ ከመጋዘን እንዲወጣልን ደብዳቤ ይዘን ስንት ቢሮ ተመላልሰን፣ የተሠራው ስላይድ ካርቶን ውስጥ ይጣል? ስላይድ ከሌለ ስሙን ማን ያረጋግጣል?

ግምገማዬን አልፈርምም። ስላይዶቹ ይምጡ፤ ናሙናው በታኅሣሥ ይደገም፤ ከዚያ እንነጋገራለን። ያን ፎቶ የለጠፋችሁትም የት ቦታ፣ ከድንጋይ ወይስ ከጭቃ፣ በየትኛው ወር እንደተወሰደ ጻፉልኝ።